ትልቅ ማኅበረሰብ «ምን እናግዛችሁ?» ሲል ምን ብለን እንመልስ? (የአማርኛ ስፔል ቼከር ፕሮጀክት)

ጣናዳር · ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሆነን በ4 ሰው የምንሠራው የአማርኛ ስፔል ቼከር (የቃላት አጻጻፍ አራሚ) መዝገበ ቃላት አለ። የሚሠራው በሃንስፔል፣ ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የአጻጻፍ መመርመሪያ፣ ስለሆነ አንዴ በደንብ ካለቀ ሊብሬኦፊስም ፋየርፎክስም ላይ ይገባል። ሰሞኑን አንድ ነባር የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ማኅበረሰብ «ጀማሪ ፕሮጀክቶችን መደገፍ እንፈልጋለን፤ ምን እናግዛችሁ?» ብሎ ጽፎልናል።

የመጣልንን ዕድል በአጉል መልስ ማባከን አልፈልግም። «የምትችሉትን ሁሉ» ብንል የሚደርሰን አንድ ማስታወቂያ፣ ጥቂት ስታር (የ«ወደድኩት» ምልክት) እና ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። የምንልከው ደብዳቤ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ የሚለውን ለይቶ መያዝ አለበት። ከእኔ በኩል ሁለት ነገር አይነካብኝ፦ የአጻጻፍ ውሳኔው የእኛ ሆኖ ይቀጥል፤ ሪፖውም (ኮዱና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቤት) ባለበት ይቆይ። በቀረው ላይ ሐሳባችሁን ጨምሩበት፤ ዝርዝር ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

---

መምሩ · ደብረ ማርቆስ

ጣናዳር፣ ደግ ጥያቄ አነሣህ። ከሁሉ በፊት ሰው ጠይቁ። ስሙ የታወቀ አንድ ሰው፣ እሱ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ የሚተካው ደግሞ ሌላ አንድ። ትልቅ ማኅበረሰብ ውስጥ «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ፑል ሪኩዌስቱ («ይህን ለውጤን አስገቡልኝ» የሚለው ጥያቄ) 3 ሳምንት ይቀመጣል፤ የላከው ተማሪ ፈተና ይገባል፤ ሲመለስ ዋናው ብራንች (ዋናው የኮዱ ቅጂ) ተቀይሮ ኮንፍሊክት (ከእሱ ለውጥ ጋር ግጭት) ይጠብቀዋል፤ በዚያው ይቀራል። አዲስ ሰው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ክብደት አይደለም፣ መልስ በማጣት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ6 ወር፤ ለእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት የመጀመሪያ ምላሽ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ። የመጀመሪያ ምላሽ ማለት ሙሉ ሪቪው (ሥራውን መርምሮ አስተያየት መስጠት) አይደለም። «አይቼዋለሁ፤ እስከ ሐሙስ እመለስበታለሁ» ብትባል ትበቃለች።

ሪቪው ሲደረግም አስተያየቱ ይለይ። «ይህ ሳይስተካከል አይገባም»፣ «ቢስተካከል ጥሩ ነው»፣ «ስላልገባኝ ነው የምጠይቀው» የሚሉት ሦስቱ ተለይተው ካልተጻፉ ጀማሪው የመጣለትን አስተያየት ሁሉ እንደ ግዴታ አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ክፍት ቦታ፣ የመስመር አሰባበር፣ የኮሚት (ሪፖው ላይ የተመዘገበ ለውጥ) መልእክት አጻጻፍ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ፑል ሪኩዌስቶች ላይ ሪቪው አድራጊው ራሱ አስተካክሎ ያስገባ፤ ከዚያ በኋላ ያስተምር።

አፓቼ ኢንኩቤተርን፣ የአፓቼ ፋውንዴሽን አዳዲስ ፕሮጀክቶችን የሚያሳድግበትን፣ እንደ አርአያ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ ነው። ገቢው ፕሮጀክት ስማቸው የተመዘገበ አማካሪዎች ይመደቡለታል፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል።

---

ቡሬ_ኮድ · ቡሬ

መምሩ፣ ስለ ሰውየው ያሉትን እቀበላለሁ፤ በአፓቼው ግን አልስማማም። እዚያ ለመግባት የንግድ ምልክቱም የኮድ ቤቱም ወደ ፋውንዴሽኑ ይዛወራል። እያንዳንዱ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚወጣ እትም) ከኢንኩቤተሩ ኮሚቴ ቢያንስ 3 የድጋፍ ድምፅ ይፈልጋል። ብዙ ኩባንያዎች ለሚጋሩት ትልቅ የዳታ ሶፍትዌር ይህ ተገቢ ነው። 4 ሰው ለሚሠራው የቃላት ፋይል ግን ሥርዓቱ ከሥራው ይበልጣል፤ አንድ ቃል ለማረም የወጣ ሪሊዝ ድምፅ ሲጠብቅ ሊከርም ነው።

ለእናንተ የሚቀርበው የግኖም ሰርክል ዓይነት ነው፤ የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠራው የግኖም ማኅበረሰብ የውጭ አፖችን የሚደግፍበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ተጀመረ። አፑ ሪፖውን ሳያስረክብ ጥራቱ ታይቶ ይገባል፤ አዘጋጆቹም የፋውንዴሽኑ አባል የመሆን መብት ያገኛሉ። መግቢያው ላይ የጥራት መለኪያ መኖሩን እወደዋለሁ፤ ለጀማሪው «እዚህ ከደረስክ ትገባለህ» የሚል ግልጽ መስመር ይሰጠዋል።

---

መምሩ · ደብረ ማርቆስ

@ቡሬ_ኮድ ዝውውሩን በተመለከተ እውነትህን ነው፤ አይዛወር። ሪፖርቱን ግን አትጣለው። በወር አንድ ጊዜ 3 መስመር፦ ምን ገባ፣ ምን ተሰናከለ፣ ከእናንተ ምን እንጠብቃለን። ሦስተኛዋ መስመር ሁለት ወር ተከታትላ ያው ከሆነች እርዳታው እየሠራ አይደለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይጠየቃል።

---

እንጅባራ_ፊደል · እንጅባራ

ደብዳቤው ላይ «የቴክኒክ እርዳታ» ብላችሁ አታሳጥሩት። የምትፈልጉት የሃንስፔልን የቅጥያ ፋይል ጠልቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ ያለውም በነባሮቹ ማኅበረሰቦች አካባቢ ነው። ችግሩን ዘርግታችሁ ካላሳያችሁት ግን አማርኛ የማያውቅ ሰው ሊደርስላችሁ አይችልም። እኔ ብሆን ይህን አያይዤ እልካለሁ፦

ሃንስፔል 2 ፋይል ያነባል፤ አንዱ የቃላት ዝርዝር፣ ሌላው የቅጥያ ሕግ። በላቲን ፊደል ቅጥያ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ ኋላ ፊደል መቀጠል ብቻ ነው። በእኛ «ቤት» «ቤቱ» ሲሆን የተቀጠለ ፊደል የለም፤ «ት» ወጥታ «ቱ» ገብታለች። ሕጉም «ት ጣል፣ ቱ ጨምር፣ ቃሉ በት ካለቀ» ተብሎ ይጻፋል። «በር» «በሩ» ሌላ መስመር፣ «ቀን» «ቀኑ» ሌላ መስመር። በሳድስ ለሚያልቁ ስሞች ለዚህች አንዲት «ኡ» ብቻ 30 ከምናምን መስመር ይሄዳል። በሳድስ ለማያልቁት፣ ለ«ገበሬ» እና ለ«ውሻ»፣ «ው» የምትጨምር አንድ መስመር ትበቃለች።

በእጅ አትጻፉት። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው) ገበታ ላይ ከሳድሱ ቁጥር 4 ሲቀነስ ካዕቡ፣ 1 ሲደመር ሳብዑ ይገኛል፤ ከ«ት» 4 ወደ ኋላ «ቱ»፣ 1 ወደ ፊት «ቶ»። አጭር የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ስክሪፕት ሁሉንም መስመር ያወጣዋል። ስክሪፕቱ የሚሳሳተው እንደ «ቍ» ባሉት ዲቃላ ፊደላት ነው፤ ካዕብ ስለሌላቸው 4 ሲቀነስ የማይገናኝ ቦታ ላይ ይወድቃል። እነሱን ለይታችሁ አውጧቸው።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ነው። ሃንስፔል ከቃሉ ኋላ 2 ቅጥያ፣ ከፊቱ 1 ብቻ ነው የሚገፍፈው። «ቤቶቹን» ኦች፣ ኡ እና ን ናቸው፤ ሦስት። መውጫው የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጣብቆ «ት ጣል፣ ቶቹ ጨምር» ማለት ነው፤ «ን» ሁለተኛ ሆና ትመጣለች። ግሥ ላይ ደግሞ «ስለማይመጡ» ፊቱ ላይ የተደራረበ ነው። ከፊት 2 እንዲገፍፍ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ ዋጋው ግን ከኋላ 1 ብቻ መቅረቱ ነው። «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ተሰባበረ» ደግሞ ሥሩ ውስጡ ስለሚለዋወጥ በቅጥያ ሕግ አይመጣም፤ ግንዶቹን ከውጭ አምርቶ ዝርዝሩ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል።

ቅንብሩ መጀመሪያ ላይ ካልተመረጠ በኋላ ሁሉም ሕግ እንደ አዲስ ይጻፋል። ከባለሙያ ጋር የ2 ሰዓት ውይይት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምትሠሩት እናንተው ናችሁ።

---

ቡሬ_ኮድ · ቡሬ

@እንጅባራ_ፊደል የሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላትን ጉዳይስ እንዴት ታየዋለህ? የውጭ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ይመስለኛል።

---

እንጅባራ_ፊደል · እንጅባራ

አዎ፣ የጣናዳር «አይነካብኝ» የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። «ፀሐይ»ን ተመልከት፦ የመጀመሪያው ፊደል በ2፣ ሁለተኛው በ6 መልክ (ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ) ሊጻፍ ይችላል፤ 12 አጻጻፍ። ሃንስፔል ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቃሉ ገና ሳይመረመር ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ይለውጣል፤ 12ቱም ትክክል ይሆናሉ፤ ፋይሉም ያጥራል። ሁለተኛው «እነዚህ ይቀራረባሉ» ብሎ ለጥቆማ ብቻ ይጠቀምባቸዋል፤ ልማዳዊው አጻጻፍ ብቻ ያልፋል፤ በሌላው ሥር ቀይ መስመር ይሰመርበታል።

ኮድ ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ቀላል ነዋ። ግን ይህ የኮድ ውሳኔ አይደለም። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ትርጉማቸው እንደሚለያይ የቅኔ ቤት ተማሪ ያውቀዋል፤ ለዕለት ተዕለት ጸሐፊ ደግሞ መላላት ያስፈልገዋል። ሁለት መዝገብ ማውጣት፣ ጥብቅና ልል፣ ይቻላል። ደጋፊው ማኅበረሰብ ምርጫዎቹን ያሳይ፤ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ አማርኛውን የሚጽፉት ሰዎች ድርሻ ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ ትግባ።

---

ዳንግላ_ኔት · ዳንግላ

ስለ ኔት ማንም አላነሣም፤ ትልልቆቹ ማኅበረሰቦች ደግሞ ከሁሉ የማያስቡት ይህን ነው። ጊት ክሎን (ሪፖውን ሙሉ በሙሉ ማውረድ) መሐል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ወደ ሊብሬኦፊስ ኮድ መግባት የፈለገ ሰው 80 በመቶ ላይ መብራት ቢሄድበት የዳታ ፓኬጁም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው ለእነሱ ከባድ አይደለም። በሳምንት አንዴ ሪፖውን በጊት ባንድል ወደ አንድ ፋይል ጠቅልለው ተራ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፤ የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ያደርጉታል። ፋይል ስለሆነ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ይሠራለታል። ካወረዱ በኋላ ከፋይሉ ክሎን ማድረግ፣ የሪሞቱን (የምንጩን) አድራሻ ወደ ዋናው ሰርቨር መቀየር፣ ከዚያ ፌች ማድረግ (አዲሱን ለውጥ ማምጣት) ነው። የሚወርደው የቀረችው የሳምንቷ ለውጥ ብቻ ትሆናለች። ባንድሉ በፍላሽም ይዞራል፤ አንድ ሰው ባሕር ዳር ላይ ካወረደው ዳንግላና እንጅባራ ድረስ ያዳርሰዋል።

ሥራ መላኩም እንዲሁ። ድረ ገጽ ከፍቶ ፑል ሪኩዌስት መሙላት ግዴታ አይሁን፤ በኢሜይል የተላከ ፓች (ለውጡን ብቻ የያዘ ጽሑፍ) ይቀበሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው፦ ፓቹን ቴሌግራም ላይ ኮፒ ፔስት ታደርጉትና ታቦቹና ክፍት ቦታዎቹ ይዛባሉ፤ ተቀባዩ ጋ «ፓቹ አይገጥምም» ይላል። እንደ ፋይል አያይዙት። በባንድል ከላካችሁ ደግሞ ተቀባዩ መጀመሪያ «ቬሪፋይ» ያድርገው፤ መነሻ ኮሚቱ እሱ ጋ ከሌለ ያን ጊዜ ይነግረዋል።

---

ጣናዳር · ባሕር ዳር

@ዳንግላ_ኔት እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን በፍጹም አላሰብነውም ነበር። ስብሰባውንስ? በወር አንድ ጊዜ በቪዲዮ እንገናኝ ብለውናል።

---

ዳንግላ_ኔት · ዳንግላ

ቪዲዮው ይቅር፤ የጽሑፍ ስብሰባ ይሁን። ኔት የተቋረጠበት ሰው ሲመለስ ያመለጠውን ያነበዋል፤ በማግስቱ የሚመልስም ይኖራል። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይጻፍ፤ 17:00 ዩቲሲ እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «በበርሊን ሰዓት» ከተባለ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይለዋወጥባችኋል። በክረምታቸው የበርሊን 18:00 የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ያው 18:00 ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል። እናንተም «2 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉላቸው፤ እነሱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የሚያስቡት።

---

ጽጌ_ዳሞት · ፍኖተ ሰላም

የላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) ነገር እኔ ልያዘው። ሪፖ ላይ የላይሰንስ ፋይል ከሌለ «ክፍት ነው» ማለት አይደለም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጠበቃል፤ ጥበቃው ያለ ምዝገባ ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል። ላይሰንስ ያልተጻፈበትን ሥራ የትኛውም ጠንቃቃ ማኅበረሰብ አይነካውም፤ የሊኑክስ ሥርጭት የሚያዘጋጀው ዴቢያንም ወደ ፓኬጅ አያስገባውም።

ለእናንተ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ቃላቱ ከየት እንደመጡ መዝግቡ። በአንድ ፋይል፣ በየምንጩ አንድ መስመር፤ ምንጩ፣ ማን እንዳስገባው፣ መቼ፣ በምን ፈቃድ። የታተመ መዝገበ ቃላት ስካን አድርጎ ትርጉምና ምሳሌውን ጭምር መገልበጥ ክልክል ነው፤ ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህ መዝገብ ዛሬ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፤ ከ2 ዓመት በኋላ 40 ሺህ ቃል ላይ ተመልሶ መሥራት ግን አይቻልም። ያልታወቀውን ሁሉ መጣል ይመጣል።

ሁለተኛ፣ በሥራ ውል ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በአዋጁ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ከ4ታችሁ ተቀጥሮ በሥራ ሰዓት የሚሠራ ካለ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይያዝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ሥራ የነበረውንም የትምህርት ክፍሉን ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ ማኅበረሰቡ መብታችሁን የሚያዛውር ረጅም የአስተዋጽኦ ውል አስፈርሙ ካላችሁ እምቢ በሉ። ከሊኑክስ ከርነል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው አጭሩ ማረጋገጫ ይበቃል፦ ኮሚቱ ሥር «የፈረመ» የሚል መስመር፣ ትርጉሙም «ይህን የማስገባት መብት አለኝ»። ጊት ላይ ኮሚት ስታደርጉ በአንድ ፊደል ትእዛዝ ራሱ ይጽፈዋል።

ደጋፊው የሚያግዘውም እዚህ ላይ ነው። ነባሮቹ ፋውንዴሽኖች የላይሰንስ ጥያቄ የሚመልሱ የሕግ ሰዎች አሏቸው። አንድ ጊዜ የ1 ሰዓት ምክር ጠይቁ፤ ጥያቄዎቹን ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ።

---

ጣናዳር · ባሕር ዳር

@ጽጌ_ዳሞት እኅቴ፣ የምንጩን መዝገብ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ገንዘብስ እንጠይቅ? ከመካከላችን ሁለቱ ይጠየቅ ይላሉ።

---

ጽጌ_ዳሞት · ፍኖተ ሰላም

በጥሬው አትጠይቁ። ባንክ የሚቀበልበት ሕጋዊ ሰውነት የላችሁም፤ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ከገባ ደግሞ ጠቡ ከገንዘቡ ይበልጣል። እነ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ (እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ) እና ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት (እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ) የፕሮጀክት ገንዘብ በአደራ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ከገቢው 10 በመቶ፣ ሁለተኛው 5 በመቶ ይወስዳል። አሁን ባላችሁበት ደረጃ ግን ያስቸኩላል ብዬ አላምንም።

ይልቅ አውትሪቺን ተመልከቱ። 3 ወር ከቤት ሆኖ የሚሠራ፣ ለሠልጣኙ 7,000 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። ፕሮጀክታችሁ የሚገባው በነባር ማኅበረሰብ ሥር ነው፤ የሠልጣኙን ወጪ የሚሸፍነውም ብዙውን ጊዜ ያ ማኅበረሰብ ነው። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ፤ እዚያም እንደ ፓይተን ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ትናንሾቹን በጥላቸው ሥር ያስገባሉ። «በጥላችሁ አስገቡን» ማለት ከብር ጥያቄ ይሻላል። ልብ በሉ ግን፣ አማካሪው በሳምንት ቢያንስ 5 ሰዓት ይጠበቅበታል፤ ከ4ታችሁ አንዱ ይህን ካልቻለ አትመዝገቡ።

---

ቡሬ_ኮድ · ቡሬ

አንድ ነገር እንዳይመጣባችሁ በግልጽ ጻፉ፦ የአንድ ቀን ዘመቻ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃክቶበርፌስት (በየጥቅምቱ ፑል ሪኩዌስት ለላከ ስጦታ የሚሰጥበት ዘመቻ) ላይ ለቲሸርት ሲባል የማይረባ ፑል ሪኩዌስት በየሪፖው ጎርፎ አዘጋጆቹ ሕጉን ቀይረው፣ ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲሳተፍ አድርገዋል። 50 ሰው በአንድ ቅዳሜ ፓች ቢልክላችሁ የሚያርመው ያው 4ታችሁ ናችሁ። ደቦ አንድ ቀን ሆ ብሎ አጭዶ ይሄዳል፤ እናንተን የሚያዋጣችሁ ወንፈል ነው፤ ዛሬ እነሱ ለእናንተ፣ ነገ እናንተ ለእነሱ። ከእናንተ የሚሄደውም ቀላል አይደለም። በሃንስፔል ላይ የምታገኙትን የፊደል ችግር በሙከራ ፋይል ብትልኩላቸው ትግርኛውም ግዕዙም ይጠቀምበታል።

---

ዓባይ_ማዶ · ደጀን

ቁልፉን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። ረዳት ሲመጣ ደስታው የሪሊዝ ቁልፍ እስከ መስጠት ያደርሳል። የኤክስዚን (ሊኑክስ ላይ በሰፊው የሚሠራበት የፋይል መጭመቂያ) ነገር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ማርች 2024 ላይ 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ሪሊዞች ውስጥ የጀርባ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው 2 ዓመት ያህል በትጋት እየሠራ አመኔታ ያገኘ ነበር። ብቻውን ደክሞ የነበረውን አዘጋጅ ደግሞ ሌሎች አካውንቶች «ለምን ሌላ ሰው አትጨምርም?» እያሉ ይገፉት ነበር። ነገሩ የታወቀው አንድ መሐንዲስ የኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ የሚገባበት) መግቢያ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ሲመረምር ነው።

እንደ እኔ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ረዳቱ ሪቪው ያድርግ፤ ማስገባቱ የእናንተ ይሁን። ሪሊዝ የሚወጣው ከሪፖው ላይ በስክሪፕት እንጂ ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ አይሁን፤ የኤክስዚው ተንኮል ዋና ማስነሻ የነበረው በሪሊዝ ፋይሉ ውስጥ እንጂ በሪፖው ውስጥ አልነበረም። የሪሊዝ መብት ያላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ፤ አንደኛው ከተማ ኔት ሲያጣ ሥራው እንዳይቆም። ሁለቱም ባለሁለት ደረጃ መግቢያ ያብሩ፤ የመጠባበቂያ ኮዱ በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ።

---

ጣናዳር · ባሕር ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ነገ ማታ ከጓደኞቼ ጋር እንጽፋለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እንጅባራ_ፊደል ያነሣውን የ2 ሰዓት ውይይት ስንጠይቅ ምን አዘጋጅተን እንጠብቅ? አማርኛ ለማያውቅ ሰው ቃላቱን እየተረጎምን መዋል አንችልም።

---

እንጅባራ_ፊደል · እንጅባራ

አትተርጉሙ፤ ሙከራ አዘጋጁ። ሃንስፔል የራሱን ሙከራ የሚያስቀምጥበት መንገድ አለ፦ አንድ ትንሽ የሕግ ፋይል፣ አንድ ትንሽ የቃላት ፋይል፣ ማለፍ ያለባቸው ቃላት በአንድ ፋይል፣ መውደቅ ያለባቸው በሌላ። አማርኛ የማያውቅ ሰው እነዚህን አስሮጦ የወደቀውን ያያል፤ ትርጉም አያስፈልገውም።

«ቤት» እና «በር» የሚሉትን 2 ቃላት ብቻ ያዙ። በማለፊያው ውስጥ «ቤቱ»፣ «ቤቶቹን»፣ «በቤቱ»፣ «በሮቹ» ይግቡ። በመውደቂያው «ቤትኡ»፣ «ቤቱቱ»፣ «በርኦች»። ግሡን በሌላ ፎልደር ለብቻው አድርጉት፤ አንድ ላይ ከተደባለቀ የትኛው ሕግ እንዳፈረሰው አይለይም። የቃላት ፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የቃላቱን ብዛት መጻፍ አትርሱ። ፋይሎቹ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሴቭ ይደረጉ፤ ኖትፓድ ላይ ካስቀመጣችሁት መጀመሪያው ላይ ቦም የምትባል የማትታይ ምልክት እንዳታስገባ ተጠንቀቁ።

---

መምሩ · ደብረ ማርቆስ

ጣናዳር፣ የግሡን ፎልደር ለእኔ ተወው። «መጣ»፣ «ሰበረ» እና «ጻፈ»ን ከነአሉታቸው በ3 ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ እስከ ቅዳሜ እልክልሃለሁ። አንተ የሕግ መስመሮቹን የሚያወጣውን ስክሪፕት አቆይልኝ።